ከላይ የሚጠጣና ከታች የሚጠጣ

ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ የተገናኙበትን ተረት የማያውቅ የለም። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ነበሩ። ጅብ ግን «ውሃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» ብሎ ተቆጣት። አህያ ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ልታስረዳው እንኳ አልሞከረችም፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ብላ ተገላገለች። ይህ አነጋገር ዛሬ ሰበብ ፈላጊን ሁሉ ለመንቀፍ ይነገራል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተረቱን ያወረሱን አባቶችና እናቶች ስለ ግፍ ሊያስተምሩን ሲፈልጉ ስለምን ወንዝ ዳር ወሰዱን? ጅብ አህያን በሜዳም በዱርም ሊያገኛት ይችል ነበር። እነርሱ የመረጡት ከላይና ከታች መሆን ለዓይን ግልጽ ሆኖ የሚታይበትን ቦታ ነው። ከላይ ያለው የሚያደርገው ሁሉ ከታች ያለውን ያገኘዋል፤ ከታች ያለው የሚያደርገው ግን ከላይ ያለውን አይነካውም። እንግዲህ ከታች ለሚጠጣው ያለው መከላከያ ሁለት ብቻ ነው፤ የላይኛው ሰው ኅሊናና የአገር ሕግ።

በአገራችን ስለ ትልልቅ እርሻዎች ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው «መሬቱ ባዶ ነው፤ ውሃውም በከንቱ ይፈሳል» ይላል። ሁለተኛው «የአባቶቻችን ነው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር ይመስላቸዋል እንጂ ስለ አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ጥቅም ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ መብት። ከሁለቱም ክርክር በታች ግን እምብዛም የማይነሣ ጥያቄ ተቀብሯል። ሰው ሁልጊዜ የማይቀመጥበት መሬት የእርሱ ሊሆን ይችላልን? የሚያልፍ ውሃስ የማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በአንድ ወንዝ፣ በአዋሽ፣ ልመረምረው እወዳለሁ።

የመጀመሪያውን ክፍል ለመመለስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የደጋው ሰው ከጥንት ጀምሮ መልስ ሰጥቶበታል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እንል የለምን? በርስት ሥርዓት አንድ ሰው ለዘመቻ ወይም ለንግድ ከአገሩ ወጥቶ ቢቀር፣ ልጁም የልጅ ልጁም በሌላ አገር ቢወለዱ፣ አንድ ቀን ተመልሰው የአያታቸውን ስም ጠርተው፣ የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው ድርሻቸውን መጠየቅ ይችሉ ነበር። አለመኖር መብትን አያጠፋም ነበር ማለት ነው። መሬቱን ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ያረሰው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ «ባዶ ነበርና ወሰድሁት» የሚል መልስ በሽማግሌ ፊት አያስኬድም ነበር። ርስት ያለው ሰው ማለት የሚመለስበት ቦታ ያለው ሰው ማለት ነበር።

አሁን ይህንኑ ሚዛን ይዘን ወደ አዋሽ እንውረድ።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከሚገኘው ደጋ ተነሥቶ፣ የሸዋን ሜዳ አቋርጦ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጂቡቲ ወሰን ላይ ካለው የአቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። እንደ ዓባይ ለጎረቤት አገር የሚሻገር ሙግት ስለሌለው የምንሟገተው እርስ በርሳችን ነው። ከታችኛው ሸለቆ የሚኖረው አፋርና ከመተሐራ አካባቢ ያለው ከረዩ ኦሮሞ ኑሯቸው በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ የተመሠረተ ነው። ኑሮው በሁለት እግር ይቆማል። ዝናብ ሲዘንብ ከብቱ እንደ አላይደጌ ወዳለው ሰፊ ሜዳ ይሰማራል፤ ወንዙም ዳር የሰውም የከብትም ድምፅ ይጠፋል። ሜዳው ደርቆ ኩሬው ሲነጥፍ ደግሞ ሁሉም ወደ አዋሽ ይመለሳል። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ያለበሰው ጎርፍ ሲሸሽ የተወው እርጥበት ሣሩን እስከ በጋው ማብቂያ ያቆየዋል። ከብቱ እስከሚቀጥለው ዝናብ በሕይወት የሚቆየው በዚያች ጠባብ የወንዝ ዳር መሬት ነው።

እንግዲህ አንድ የፕላን ባለሙያ ካርታውን ይዞ በዝናቡ ወራት ወንዙ ዳር ቢደርስ ምን ያያል? ለጥ ያለ፣ ለም፣ ውሃ የቀረበው መሬት ያያል፤ ሰው ግን አያይም። በማስታወሻው ላይ «ባዶ መሬት» ብሎ ቢጽፍ ዋሸ አይባልም፤ ያየውን ጻፈ። የተሳሳተው ዓይኑ አይደለም፤ የተሳሳተው የመጣበት ወር ነው። በመንፈቁ ቢመለስ ኖሮ በዚያው ቦታ የብዙ ጎሣ ከብት ሲጋፋ ባገኘ ነበር። ለሺህ ዓመት ላልተመለሰው የደጋ ባለርስት የሚሟገት ሕሊና፣ በየዓመቱ ሳያሰልስ ለሚመለሰው አርብቶ አደር ያልተሟገተው ለምንድን ነው? «ዘላን» የሚለው ስም ራሱ መልሱን ይነግረናል። የሚዘል ሰው ማረፊያ የለውም ተብሎ ስለተገመተ፣ የተወሰደበት ነገር ያለ አልመሰለንም።

ይህ ግምት በስም ብቻ አልቀረም፤ ወደ ሕግም ገብቷል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማንም ሰው ስም ያልተያዘውን ንብረት የመንግሥት ሀብት ሲያደርግ፣ በዚያው አንቀጽ ደኖችን፣ የግጦሽ መሬቶችን፣ ወራጅ ውሃዎችንና ሐይቆችን አብሮ ዘርዝሯል። በወረቀት ላይ ይህ አንድ መስመር ነው። በአዋሽ ሸለቆ ግን ኑሮው በግጦሽና በወራጅ ውሃ ላይ ለቆመ ሕዝብ የመኖሪያው ሁለት ምሰሶዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ከእጁ ወጡ ማለት ነው። እርሱ ግን አልሰማም፤ ማንም አልነገረውም። በስሙ የተያዘ ምንም አልነበረምና የሚጠራበት ስምም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ተክሎ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ስኳር አመረተ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ ኤሌክትሪክ ሰጠ፣ ጎርፉንም ገታ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመና የወንዙን ውሃና የዳርቻውን መሬት የሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ተገኘ። የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ በታችኛው አዋሽ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አስፋፋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ተከተለ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በ1958 ዓ.ም. ተመሥርቶ ነበርና ከረዩ በአንድ በኩል አገዳው፣ በሌላ በኩል ፓርኩ መንገዱን ዘጉበት።

አሁን ስለ ቁጥር ትንሽ እናስብ። የአዋሽ ተፋሰስ ወደ 110,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይገመታል። የመተሐራ አገዳ እርሻ ወደ 10,000 ሄክታር ነው። ብታካፍሉት ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። «ይህን ከሚያህል አገር ይህችን ብትወሰድ ምን ይጎድላል?» የሚለው ሙግት የመጣው ከዚህ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ነገር ግን የጎጆ ምሰሶ ከጎጆው ወለል ምን ያህሉን ይይዛል? አንድ ስንዝር አይሞላም። ምሰሶውን ነቅሎ «ወለሉን በሙሉ ትቼላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንለዋለን? የወንዙ ዳር መሬት ለአርብቶ አደሩ እንደዚያ ነው። እርሱ ሲሄድ የቀረው ሰፊ ሜዳም አብሮ ዋጋ ያጣል፤ በጋውን የሚያሻግር ቦታ ከሌለ በክረምት የበላው ሣር ከብቱን ለሞት ማድለብ ብቻ ይሆናል። መሬት በሄክታር ይለካል፤ ኑሮ ግን የሚለካው በዓመቱ ክፉ ወር ነው።

ያ ክፉ ወር በ1965 ዓ.ም. ዓመት ሆኖ መጣ። በዚያ ድርቅ እጅግ ከተጎዱት ሕዝቦች አንዱ አፋር ነበር። ድርቁን እርሻዎቹ አላመጡትም፤ ዝናብን የሚከለክል ኩባንያ የለም። ነገር ግን ድርቅ ሲመጣ የሚሸሽበት ቦታ በቦይና በአጥር ተይዞ ነበር። ላርስ ቦንደስታም የተባለው ስዊድናዊ አጥኚ በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት የእርሻዎቹን መስፋፋትና የአፋርን ረሃብ አያይዞ አይቶታል። በድርቅ መሞት የተፈጥሮ ነገር ሊባል ይችላል። በተዘጋ በር ፊት በድርቅ መሞት ግን የተፈጥሮ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «አንተ ይህን የምትጽፈው ሻይህን በወንጂና በመተሐራ ስኳር እያጣፈጥህ ነው። የለበስኸው ጨርቅ ከአዋሽ ጥጥ የተፈተለ ሊሆን ይችላል። የቆቃ መብራት ስንት ፋብሪካ አንቀሳቅሷል። ስንት ሺህ ሠራተኛ በእነዚህ እርሻዎች ልጆቹን አሳድጓል። ይህ ሁሉ ይቅር ልትል ነውን? የሚበላ ያጣ አገር ወንዙን ዝም ብሎ ሲያልፍ ሊያየው ይገባልን?» ይለኛል።

ይቅር አልልም። አርብቶ አደሩ ራሱም ይቅር ያለ አይመስለኝም። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ የውጭውን ኩባንያ መስፋፋት እየተቃወሙ በጎን ራሳቸው ጥጥ አምራች ሆነው ነበር። ይህ አንዳንዶች እንደሚሉት ክርክራቸውን ውድቅ አያደርገውም፤ ይልቁንም ምን ላይ እንደነበረ ያሳያል። ጥሉ ከጥጥ ጋር አልነበረም፤ ከመስኖም ጋር አልነበረም። ጥሉ «በዚህ ውሃ ምን ይደረግ?» ብሎ የሚወስነው ማን ነው በሚለው ላይ ነበር። እርግጥ ሱልጣን ሲያርስ ከብት አርቢው ሁሉ ተጠቀመ ማለት አይደለም፤ ባላባትም ከላይ የሚጠጣ ሊሆን ይችላል። አርብቶ አደርነትን እንደ ሙዚየም ዕቃ በመስታወት ውስጥ አስቀምጠን እንድናደንቀው የሚሹ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ሰው ኑሮውን ሊለውጥ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በመለወጥና በመለወጥ ሳይሆን በመለወጥና በመገፋት መካከል ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ይመስለኛል። ለብዙዎች ጥቅም ጥቂቶች የሚከፍሉት ዋጋ መኖሩ አይቀርም። መንገድ ሲሠራ የአንዱ አጥር ይፈርሳል፤ ግድብ ሲገደብ የአንዱ ማሳ ይዋጣል። ነገር ግን መሥዋዕትነት የሚባለው ሰው ከራሱ ሲሰጥ ነው። ሌላውን ሰው አቅርቦ «ለአገር ሲባል ነው» ማለት መሥዋዕት ማድረግ እንጂ መሥዋዕትነት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ተጠይቋል ወይስ አልተጠየቀም? ያልተጠየቀ ሰው የሰጠው ነገር የለም፤ የተወሰደበት እንጂ። ከተወሰደበት በኋላ ካሳ ቢቆጠርለት እንኳ ካሳው የንብረቱን ዋጋ ይመልስ ይሆናል፤ ሰው ተብሎ አለመቆጠሩን ግን አይመልስለትም።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ረጅም መንገድ እንደመጣ መካድ አይገባም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የዘላኖች የግጦሽ መሬት የይዞታ መብት እንዲታወቅ ደነገገ። ይሁን እንጂ እርሻዎቹ ወደ ቀድሞ ተጠቃሚዎቹ አልተመለሱም፤ የመንግሥት እርሻ ሆነው ቀጠሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ አሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለወል ይዞታም ካሳ እንዲታሰብ አድርጓል። በ1948 «የማንም ያልሆነ» ተብሎ ከተመዘገበው ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ መብቱ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ «ባዶ መሬት» የሚለው ቃል ከመዝገባችን ጠፋን? አልጠፋም። በጋምቤላ ካሩቱሪ ለተባለው የህንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. 100,000 ሄክታር በውል ሲሰጥ የተነገረው ይኸው ነበር። መሬቱ ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም፣ ወንዙም ሞልቷል ተባለ። የባሮ ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ እንደሚፈስ፣ ያም «ባዶ» መሬት የጎርፉ ማደሪያ እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቅ ነበር። የተዘራው በቆሎ በጎርፍ ተበላ። ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ከዚህ የምማረው ነዋሪን መጠየቅ ለነዋሪው የሚደረግ ቸርነት ብቻ አለመሆኑን ነው። ወንዙን የሚያውቀውን ሰው አለመጠየቅ ለባለሀብቱም፣ ለአገሩም ኪሣራ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በይበልጥ ስለ መሬት ነው። የውሃው ነገር ግን ከመሬቱ ይከብዳል፤ መሬት አድራሻ አለው፣ ውሃ የለውም። አንድ እርሻ ሲቋቋም ከአጥሩ ውስጥ የነበረው ሰው ይመዘገባል፤ ጎጆው፣ ማሳው፣ ዛፉ ይቆጠራል። ከአጥሩ በታች ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረውን ማን ይመዘግበዋል? እርሱ ከመሬቱ አልተፈናቀለም፤ ውሃው ግን ከእርሱ ተፈናቅሏል። ወይ ቀንሶ ይመጣል፣ ወይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይ የጥጥ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት አጥቦ ይመጣል። ግድቡ ጎርፉን ሲገታለት ደግሞ ለደጋው ሰው «አደጋ» የነበረው ጎርፍ ለእርሱ የሣሩ ወተት እንደነበረ የሚያስረዳበት ጽሕፈት ቤት የለውም።

የመተሐራን የበሰቃ ሐይቅ ያየ ሰው የተገላቢጦሹንም ያውቃል። በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኗል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከመስኖው የሚሰርገው ውሃ መሆኑን ብዙ ባለሙያዎች ይስማሙበታል። ሐይቁ ግጦሹን ዋጠ፤ መኪና መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ተፈታተነ። ለመቀነስ ሲባልም ውሃው እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደረገ። ያ ጨው የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ታች ነዋ! ከዚያ በታች በመልካ ሳዲ አካባቢ ደግሞ በመስኖ ብዛት ጨው ወደ ላይ እየወጣ ስንት ማሳ ከእርሻ ውጭ ሆኗል። ከእርሻ ውጭ የሆነውን መሬት የመጤው ፕሮሶፒስ እሾህ ይወርሰዋል። ለአፋር ጎሣዎች መሬት ቢመለስላቸው እንኳ ሣሩ አብሮ አይመለስም። መሬትን በደብዳቤ መመለስ ይቻላል፤ ሣርን ግን በደብዳቤ የሚያበቅል ባለሥልጣን አልተወለደም።

የሚያስደንቀው፣ ይህን ሁሉ የሚከለክል ደንብ ያጣን አይደለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በወንዝ ዳር ያለ ባለመሬት ውሃውን ለመስኖ እንዲያውል ሲፈቅድ፣ ውሃውን ለቤት አገልግሎትና ለከብት ማጠጫ የሚጠቀሙትን፣ ከታች ያሉትንም እንዳይጎዳ አብሮ አስሮታል። ልብ በሉ፤ ይህ የተጻፈው ቆቃ በተመረቀበት በዚያው ዓመት ነው። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የአገሪቱ ውሃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ ለቤት አገልግሎት የሚውለውን ከሁሉ አስቀድሟል። «የጋራ» የሚለው ቃል ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን የሁሉም የሆነ ነገር ቶሎ የደረሰበት ሰው ብቻ እንዳይሆን ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂ የሌለው የጋራ ውሃ የላይኛው ሰው ውሃ ነው።

ይህን ስናገር በአእምሮአችን የሚመጣው ምስል አጥር ያጠረ ትልቅ ባለሀብትና ከአጥሩ ውጭ የቆመ ድኻ ነው። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። የሐረማያን ሐይቅ ያደረቀው ማን ነው? አንድ ኩባንያ አይደለም። በዙሪያው ያሉ ብዙ ገበሬዎች እያንዳንዳቸው በአነስተኛ የሞተር ፓምፕ ለጫታቸውና ለአትክልታቸው ውሃ ሳቡ፤ የሐረር ከተማ ለመጠጥ ሳበች፤ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበ አፈርም ሐይቁን ሞላው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል መመለሱ የተፈጥሮ ምሕረት ነው፤ ጥፋቱን ግን አያስረሳም። እያንዳንዱ ፓምፕ ሲነሣ ልጅ ለማሳደግ ነበር፤ ማንም ሐይቅ ለማድረቅ አልተነሣም። ስለዚህ «ከላይ የሚጠጣ» ማለት የሀብታም ሌላ ስም አይደለም። ከእርሱ በታች ሌላ ጠጪ እንዳለ የዘነጋ ሰው ሁሉ ከላይ የሚጠጣ ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ራሳችን ወደ ከተሜዎቹ ያመጣናል። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ስለ አፋር ማዘን ቀላል ነው፤ አፋር ሩቅ ነውና። ሆኖም የአዋሽን ካርታ ብንመለከት ከላይ ተቀምጠን የምንጠጣው እኛ ነን። ከእንጦጦ የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማችንን ሰንጥቀው አልፈው፣ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው፣ ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። በመንገዳቸው የቆዳ ፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የሽንት ቤታችንን ፍሳሽ ይሸከማሉ። አቃቂ ዳር ያለው ገበሬ በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያለማል። ቆቃን አልፎ የአዳማ ሰው ከአዋሽ ይጠጣል። ከዚያም በታች የአፋር እናት ከዚያው ወንዝ ትቀዳለች። ማንም የከተማ ነዋሪ «ወንዙን ልበክል» ብሎ ጠዋት አይነሣም። ቢሆንም በየቀኑ ወደ ታች የምንልከው መልእክት ይህ ነው። ጎመኑ ተመልሶ ወደ ገበያችን ስለሚመጣ ከመልእክቱ ጥቂቱ ለራሳችን ይደርሰናል። አብዛኛው ግን ወደማናያቸው ሰዎች ይሄዳል።

በአማርኛችን አንድ አገር ተወልዶ ያደገን ሰው «የወንዜ ልጅ» እንለዋለን። ቃሉን ስንጠቀምበት የምናስበው በአንድ ቀበሌ የዋኘንበትን፣ በአንድ ጥልቅ ያጠመድንበትን ጓደኛ ነው። ወንዝ ግን ቀበሌ አያውቅም። በአንድ ወንዝ የሚጠጣ ሁሉ የወንዝ ልጅ ከሆነ፣ የጊንጪው ገበሬ፣ የአቃቂው ወዛደር፣ የወንጂው አገዳ ቆራጭ፣ የመተሐራው ከረዩና የአሳይታው አፋር የአንድ ወንዝ ልጆች ናቸው። ወንድማማች ደግሞ ስለ ውርስ ሲነጋገር አንዱ ሌላውን ሳይጠራ አይቀመጥም።

እንግዲህ «እርሻው ይቅር ወይስ ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። ከእርሱ በፊት ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ቢመለሱ እርሱ ራሱ ግማሽ መልሱን ያገኛል። አንደኛ፣ መሬቱን «ባዶ» ያለው ሰው የመጣው በየትኛው ወር ነው? በበጋው እኩሌታ ሄዶ ያላየው መሬት ባዶ ነው ሊል አይገባውም። ሁለተኛ፣ የሚወሰደው መሬት ስንት ሄክታር ነው ብቻ ሳይሆን ለዓመቱ ኑሮ ምን ይሠራ ነበር? ምሰሶ ከሆነ እንደ ምሰሶ ይቆጠር፤ ሌላ ምሰሶ ሳይቆም አይነቀል። ሦስተኛ፣ ከታች ለሚጠጣው የመጨረሻው ሰው ተነግሮታልን? አሳቡንስ ሲሰጥ «አይሆንም» የማለት ዕድል ነበረውን? «አይሆንም» ማለት የማይቻልበት ምክክር ምክክር አይባልም፤ መርዶ ነው።

እነዚህን መጠየቅ ልማትን ማዘግየት ነው የሚሉ ይኖራሉ። ምናልባት አንድ በጋ ያዘገይ ይሆናል። አንድ በጋ ግን ብዙ ጊዜ አይደለም፤ በወንዙ ዳር በእርግጥ ማን እንደሚኖር ለማወቅ የሚያስፈልገው ጊዜም ይኸው ነው።